ነገ ስንት ሰዓት መብራት ይኖረናል?

የፀሐይ፣ የውሃና የንፋስ ኃይልን አስቀድሞ ስለ መገመት የቀረበ ትምህርት



የዛሬውን ትምህርት የምጀምረው በራሴ ስህተት ነው። በአንድ የክረምት ወር፣ የአገሩ ሰዎች ኸሪፍ በሚሉት ወቅት፣ የማታ ጥናት የምናካሂድበት ክፍል በአንድ ሶላርና በአንድ ባትሪ ይበራ ነበር። የባትሪው ኃላፊ እኔ ነበርሁ። ተማሪዎቹ በማግሥቱ የሒሳብ ፈተና ስለነበረባቸው፣ «ዛሬ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት እናጠናለን፤ ትናንት መብራቱ እስከ መጨረሻው በቅቶናል» ብዬ ቃል ገባሁላቸው። ሰማዩ ግን ቀኑን ሙሉ ደመና ለብሶ ነበር የዋለው። እኔም ደመናውን እያየሁ ከባትሪው ጋር አላያያዝሁትም። ከምሽቱ 2 ሰዓት ሳይሞላ መብራቱ ደብዝዞ ጠፋ። ተማሪዎቹ ደብተሮቻቸውን በጨለማ ሰብስበው ወጡ። ከመካከላቸው አንዷ፣ «መምህር፣ ቀድመው ቢነግሩን ኖሮ በቀን ብርሃን እናጠና ነበር» አለችኝ።

ልጅቷ ሌላ ባትሪ አምጡ አላለችም። የጠየቀችው ትክክለኛ ግምት ነበር። በዚያው ሳምንት አንድ ደብተር አሥመርን፤ በየቀኑ የደመናውን መጠንና ባትሪው የሰበሰበውን ኃይል እንጽፍበት ጀመር። ይህ ጽሑፍ ከዚያ ደብተር የተማርነውን፣ እንዲሁም በትልልቅ ግድቦችና በኮምፒዩተር የሚሠራው ተመሳሳይ ሥራ ምን እንደሚመስል ይገልጻል።

1. ትንበያና ጥንቆላ

ጠንቋይ ነገን አውቃለሁ ይላል። የተናገረው ሳይሆን ሲቀር ግን ስህተቱን ጽፎ አያስቀምጥም። ትንበያ ከጥንቆላ የሚለየው በዚህ ነው። አንድ ትንበያ ትንበያ ለመባል ሦስት ነገሮች ያስፈልጉታል። እነርሱም፦

ሀ. ያለፈው ነገር በቁጥር የተጻፈበት መዝገብ፤
ለ. ከመዝገቡ የተገኘ፣ ሌላ ሰውም ሊጠቀምበት የሚችል ደንብ፤
ሐ. ደንቡ በአማካይ ምን ያህል እንደሚሳሳት የሚገልጽ ቁጥር ናቸው።

ብዙ ሰው ሁለቱን ያሟላና ሦስተኛውን ይተዋል። እኔ በዚያች ምሽት ሦስቱንም አልነበረኝም።

2. የምናውቀውና የማናውቀው

ጄኔሬተር ነዳጅ እስከ ተገኘ ድረስ ቁልፉ ሲዞር ይነሣል። ፀሐይ፣ ንፋስና ወንዝ ግን በትእዛዝ አይሠሩም። ስለዚህ ምን ያህል እንደሚሰጡን አስቀድሞ መገመት ግዴታ ይሆናል።

ከፀሐይ እንጀምር። ስለ ፀሐይ አንዱን ክፍል በእርግጠኝነት እናውቃለን። ገዳሪፍ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 14 ዲግሪ ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ምክንያት ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ አጋማሽ ግድምና በነሐሴ መጀመሪያ ግድም፣ በቀትር ትክክል አናታችን ላይ ትቆማለች። የቀኑ ርዝመት በታኅሣሥ 11 ሰዓት ከሩብ ያህል ሲሆን በሰኔ ወደ 13 ሰዓት ይደርሳል። ይህን ከመቶ ዓመት በኋላ ላለ ቀንም ቢሆን አስልቶ መናገር ይቻላል።

የማናውቀው ደመናውንና አቧራውን ነው። በነሐሴ ፀሐይ አናታችን ላይ ብትሆንም ዝናቡ የሚበረታው በዚያው ወር ነው። ሃቡብ ሲነሣ ደግሞ ቀኑ ይጨልማል፤ ካለፈም በኋላ አቧራው በሶላሩ ላይ ተኝቶ ይቀራል። ያላጸዱት ሶላር ጥርት ባለ ቀን እንኳ የሚሰጠው ኃይል ይቀንሳል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱበትን ነገር ላንሣ። ሙቀት ሲበረታ ሶላር ብዙ ኃይል ይሰጣል የሚሉ አሉ። ነገሩ ተቃራኒ ነው። ሶላር የሚፈልገው ብርሃን እንጂ ሙቀት አይደለም። በገበያ ላይ በብዛት የሚገኙት ሶላሮች ገጻቸው ከ25 ዲግሪ በላይ በሚሞቅበት በያንዳንዱ ዲግሪ ከኃይላቸው 0.4 በመቶ ያህል ያጣሉ። በሚያዝያ ቀትር የሶላሩ ገጽ 65 ዲግሪ ቢደርስ፣ ከ25 በላይ ያለው 40 ዲግሪ ነው፤ 40 ጊዜ 0.4 ሲባዛ 16 በመቶ ይሆናል። ከዚህ የተነሣ በጋለው ሚያዝያ የሚገኘው ኃይል በቀዝቃዛውና ጥርት ባለው ጥር ከጠበቅነው በላይ ላይሆን ይችላል።

3. ሁለቱ ቀላል ደንቦች

የመጀመሪያው ደንብ «ነገ እንደ ዛሬ ነው» የሚል ነው። እኔ ሳላውቀው የተጠቀምሁበት ይህን ነው። ሁለተኛው «ነገ እንደ ወቅቱ ነው» ይላል፤ ይኸውም ባለፉት ዓመታት በዚህ ወር የተመዘገበውን አማካይ ወስዶ በየቀኑ እርሱን መናገር ነው።

ለምሳሌ ያህል አንድ ሶላር በስድስት ቀን የሚከተለውን በዋት ሰዓት ሰበሰበ እንበል፦

ሰኞ 400፣ ማክሰኞ 410፣ ረቡዕ 390፣ ሐሙስ 200፣ ዓርብ 150፣ ቅዳሜ 380።

የወሩ የቆየ አማካይ ደግሞ 330 ነው እንበል። አሁን ሁለቱን ደንቦች ከማክሰኞ ጀምረን እንፈትናቸው። «እንደ ትናንቱ» የሚለው ደንብ በአምስቱ ቀኖች የተሳሳተው 10፣ 20፣ 190፣ 50 እና 230 ነው። ድምሩ 500፣ አማካዩ 100 ይሆናል። «እንደ ወቅቱ» የሚለው የተሳሳተው ደግሞ 80፣ 60፣ 130፣ 180 እና 50 ነው። የዚህም ድምር 500፣ አማካዩ 100 ነው።

ሁለቱ በድምሩ እኩል ተሳሳቱ፤ የተሳሳቱበት ቀን ግን አንድ አይደለም። የመጀመሪያው አየሩ ሳይለወጥ ሲቆይ ጎበዝ ነው፤ በለውጥ ቀን ይወድቃል። ሁለተኛው በለውጥ ቀን ብዙ አይደነግጥም፤ ጥርት ባለው ቀን ግን ሳያስፈልግ ይፈራል። እንግዲህ የሁለቱን ግምት ደምረን ለሁለት ብንከፍል ምን ይሆናል? ስህተቱ 45፣ 20፣ 160፣ 115 እና 140 ይሆናል። አማካዩ 96 ነው። የተገኘው መሻሻል ትንሽ ነው፤ ሆኖም ያለ ምንም ወጪ የመጣ ነው። የተለያየ ስህተት ያላቸውን ሁለት ግምቶች ማዋሃድ ብዙ ጊዜ ከአንዱ ብቻ ይሻላል። ይህን ደንብ ትልልቆቹ የትንበያ መሥሪያ ቤቶችም ይጠቀሙበታል።

4. የዝምድና መስመር

ከላይ ያሉት ደንቦች ወደ ሰማይ አያዩም። ስለዚህ ደመናውን እናስገባ። የአየር ጠባይ ተመልካቾች ሰማይን በሐሳባቸው ለስምንት ከፍለው ስንቱ እጅ በደመና እንደ ተሸፈነ ይጽፋሉ። ጥርት ያለ ሰማይ 0፣ ሙሉ በሙሉ የተሸፈነ 8 ነው። ይህን ማንም ተማሪ ያለ መሣሪያ ሊሠራው ይችላል።

በየቀኑ በአንድ ሰዓት፣ ለምሳሌ ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ የተጻፈው ደመናና በዚያው ቀን እስከ ማታ የተሰበሰበው ኃይል እንዲህ ነው እንበል፦

ደመና 0 — 420 ዋት ሰዓት
ደመና 2 — 380 ዋት ሰዓት
ደመና 4 — 290 ዋት ሰዓት
ደመና 6 — 200 ዋት ሰዓት
ደመና 8 — 110 ዋት ሰዓት

የደመናው አማካይ 4፣ የኃይሉ አማካይ 280 ነው። አሁን የያንዳንዱን ቀን ደመና ከ4 ያለውን ልዩነት፣ በዚያው ቀን ኃይል ከ280 ባለው ልዩነት አባዝተን እንደምር። ውጤቱ ከዜሮ በታች 1600 ይሆናል። የደመናውን ልዩነቶች ደግሞ በራሳቸው አባዝተን ስንደምር 40 እናገኛለን። 1600 ለ40 ሲካፈል 40 ነው። ትርጉሙም አንድ ስምንተኛ ደመና በተጨመረ ቁጥር 40 ዋት ሰዓት ይቀንሳል ማለት ነው። ደመና በሌለበት ቀን የሚጠበቀው 280 ሲደመር 4 ጊዜ 40፣ ማለትም 440 ነው። ስለዚህ ደንባችን፦

የሚጠበቀው ኃይል = 440 − (40 × ደመና)

ደንቡን መልሰን በአምስቱ ቀኖች ብንፈትነው 440፣ 360፣ 280፣ 200 እና 120 ይላል። ስህተቱ 20፣ 20፣ 10፣ 0 እና 10፤ አማካዩም 12 ነው። ይህ ስሌት የትንሹ ካሬ ዘዴ ይባላል። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ሌዣንድር ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1805 አሳትሞታል። ሁለት መቶ ዓመት አልፎት ዛሬም በትንበያ ሥራ ላይ ይውላል።

ነገር ግን 12 የሚለው ቁጥር አያታልለን። ደንቡን ያወጣነውም የፈተንነውም በአንድ መዝገብ ነው። ይህ ተማሪን አስቀድሞ ባየው ጥያቄ እንደ መፈተን ነው። ትክክለኛው መንገድ ከመዝገቡ ጥቂት ቀኖችን ለይቶ ማስቀመጥ፣ ደንቡን በቀሩት አውጥቶ ባላያቸው ቀኖች መፈተን ነው። በዚያን ጊዜ ስህተቱ ብዙ ጊዜ ከፍ ብሎ ይገኛል፤ እውነተኛው ስህተትም እርሱ ነው።

5. ኮምፒዩተር ከመዝገብ ሲማር

እኛ አንድ ምክንያት፣ ደመናን ብቻ፣ ወሰድን። በእውነቱ ግን ሙቀት፣ እርጥበት፣ ንፋስ፣ አቧራና የፀሐይ ከፍታ ሁሉም በአንድነት ይሠራሉ። በእጅ ማስላቱ ስለሚያስቸግር ለኮምፒዩተር ይሰጣል። ሰው ደንቡን ጽፎ እንደ መስጠት ፈንታ ኮምፒዩተሩ ራሱ ከመዝገቡ ደንብ እንዲያወጣ የሚደረግበት ዘዴ የማሽን ትምህርት ይባላል። ከዘዴዎቹ ሁለቱን እንመልከት።

የመጀመሪያው የውሳኔ ዛፍ ነው። ጥያቄ በጥያቄ ይሄዳል፦ ወሩ ክረምት ነው? ጠዋት ደመናው ከ5 ይበልጣል? ሶላሩ ከተጸዳ ስንት ቀን ሆነው? በያንዳንዱ መልስ አንድ ቅርንጫፍ እየያዘ መጨረሻ ላይ አንድ ቁጥር ይሰጣል። አንድ ዛፍ ብቻውን በቀላሉ ይሳሳታል። ስለዚህ ብዙ መቶ ዛፎች፣ እያንዳንዱ የመዝገቡን የተለያየ ክፍል እያየ፣ ይሠሩና የሁሉም አማካይ ይወሰዳል። ይህን የዛፎች ደን አሜሪካዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ሊዮ ብራይማን እ.ኤ.አ. በ2001 በሰፊው አስተዋውቆታል። ጉዳይን ለአንድ ሽማግሌ ሳይሆን ለሸንጎ እንደ መስጠት ነው።

ሁለተኛው ሰው ሠራሽ የነርቭ መረብ የሚባለው ነው። እያንዳንዱ ምክንያት ክብደት ይሰጠዋል። ኮምፒዩተሩ ይገምታል፤ ከእውነተኛው ቁጥር ጋር ያስተያያል፤ ክብደቶቹን በጥቂቱ ያስተካክላል፤ እንደገና ይገምታል። ወጥ የምትሠራ እናት ጨውን እየቀመሰች እንደምታስተካክለው፣ እርሱም ይህን ብዙ ሺህ ጊዜ ይደጋግማል።

የሁለቱም አደጋ ሽምደዳ ነው። የአምናውን ፈተና መልስ በቃሉ የያዘ ተማሪ ጥያቄው ሲለወጥ እንደሚወድቅ ሁሉ፣ ኮምፒዩተርም የመዝገቡን አጋጣሚዎች ሁሉ እንደ ደንብ ከቆጠረ በአዲስ ቀን ይወድቃል። ሌላም ወሰን አለው፤ በመዝገቡ ያልተጻፈ ነገር አያውቅም። ከሶላሩ አጠገብ አዲስ ራኩባ ተሠርቶ ጥላ ቢጥልበት፣ ማንም ካልነገረው በስተቀር የቆየውን ቁጥር መናገሩን ይቀጥላል።

6. የእኛው ወንዞች

ይህ ሥራ ለአንድ ባትሪ ብቻ የሚጠቅም አይደለም። በአገራችን ከሚመነጨው ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ከውሃ ነው። ውሃው ደግሞ በአመዛኙ የሚመጣው በክረምት ወራት ነው። ተከዜ ላይ እ.ኤ.አ. በ2009 የተጠናቀቀው ግድብ 188 ሜትር ከፍታና 300 ሜጋ ዋት ኃይል አለው። ያው ወንዝ ድንበሩን ሲሻገር ሰቲት ተብሎ ይጠራል። ከጎንደር አካባቢ የሚነሡት ጓንግና አንገረብም ወደ አትባራ ይገባሉ። ሱዳን በላይኛው አትባራና በሰቲት ላይ ሩሜላና ቡርዳና የተባሉትን ጥንድ ግድቦች እ.ኤ.አ. በ2017 መርቃለች፤ አቅማቸው 320 ሜጋ ዋት ነው። ከኢትዮጵያም በጎንደርና በመተማ በኩል ወደ ገዳሪፍ የኤሌክትሪክ መስመር ተዘርግቷል። ዓባይ ላይ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2025 የተመረቀው ታላቁ ግድብ 5150 ሜጋ ዋት አቅም አለው። እንግዲህ በደጋ የሚጥለው ዝናብ በድንበሩ በሁለቱም ወገን መብራት ነው ማለት ይቻላል።

ግድብ ትልቅ ባትሪ ነው። የግድቡ ኃላፊ እኔ በዚያች ምሽት የነበረብኝ ዓይነት ጥያቄ አለበት፤ ዛሬ ብዙ ውሃ ከለቀቀ ለግንቦት ምን ይቀረዋል? ብዙ ከያዘስ ጎርፉ ሲመጣ የት ያስገባዋል? ይህን ለመመለስ የመጪውን ክረምት መጠን መገመት አለበት።

የዓባይን ውሃ መለካት ጥንታዊ ሥራ ነው። በካይሮ በሮዳ ደሴት ያለው የውሃ መለኪያ በ9ኛው መቶ ዘመን የተሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1906 ወደ ግብፅ የሄደው እንግሊዛዊው ሃሮልድ ኸርስት በሕይወቱ ዘመን እነዚህን መዝገቦች ሲመረምር ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1951 ያሳተመው ውጤት የሚያስደንቅ ነው። ጥሩ ዓመታት ብቻቸውን ተበታትነው አይመጡም፤ ጥሩው ከጥሩው፣ መጥፎው ከመጥፎው ጋር መሰባሰብ ይወዳል። ማንደልብሮት የተባለ የሒሳብ ሊቅ ከባልደረባው ጋር እ.ኤ.አ. በ1968 ይህን ጠባይ የዮሴፍ ውጤት ብሎ ሰየመው፤ ሰባቱን የጥጋብና ሰባቱን የረሃብ ዓመታት በማስታወስ ነው። ትምህርቱም አንድ ክፉ ዓመት ስላለፈ ቀጣዩ የግድ ደግ ይሆናል ብሎ ጎተራን ባዶ ማድረግ አይገባም የሚል ነው።

ሌላው እንግሊዛዊ ጊልበርት ዎከር ነው። እ.ኤ.አ. በ1904 በህንድ የአየር ጠባይ ምርመራ ኃላፊ ሆኖ የዝናቡን ምልክት በሩቅ አገሮች መዝገብ ይፈልግ ጀመር፤ የዓባይን ሙላት ቁጥርም ተጠቅሞበታል። በዚህ ፍለጋ በፓሲፊክና በህንድ ውቅያኖስ ላይ ያለው የአየር ግፊት እንደ ሚዛን ከፍ ዝቅ እንደሚል አገኘ። ይህ ዛሬ ኤል ኒኞ ከሚባለው የባሕር መሞቅ ጋር የተያያዘ ነው። በኤል ኒኞ ዓመታት የኢትዮጵያ ደጋ ክረምት ብዙ ጊዜ ይዳከማል፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የደረሰው ድርቅ ለዚህ ምስክር ነው። ባሕሩ መሞቁ ከወራት በፊት ስለሚታወቅ የግድብ ኃላፊ ውሃውን ለመቆጠብ ጊዜ ያገኛል።

ንፋስም አጋዥ ነው። በአዳማና በመቀሌ አጠገብ በአሸጎዳ የተተከሉት የንፋስ ማመንጫዎች በበጋ፣ ወንዙ በሚያንስበት ወቅት፣ የተሻለ ንፋስ ያገኛሉ። አንዱ ሲደክም ሌላው ይበረታል ማለት ነው። መቼ ምን ያህል እንደሚበረታ የሚነግረው ግን ያው ትንበያ ነው።

የቆየ መዝገብም ሊያሳስት ይችላል። አትባራ ላይ እ.ኤ.አ. በ1964 የተሠራው የኻሽም ኤል ጊርባ ግድብ ከመጀመሪያው የውሃ መያዣ ግማሽ ያህሉን በደለል አጥቷል። ደለሉ በአብዛኛው ከእኛው ደጋ ታጥቦ የመጣ አፈር ነው። የ1964ቱን ቁጥር ይዞ ዛሬ የሚያሰላ ሰው የሌለ ውሃ ይቆጥራል። ባትሪም እንዲሁ ያረጃል፤ ደንቡ በየጊዜው በአዲስ መዝገብ መታደስ አለበት።

7. ስህተትን ጨምሮ ማቀድ

ትንበያችን 240 ዋት ሰዓት ነው ቢል በ240 ማቀድ የለብንም። ብዙ ገምቶ ማጣትና ጥቂት ገምቶ ማትረፍ ጉዳታቸው እኩል አይደለም። ጥቂት ገምተን ቢተርፍ ለነገ ይቆያል። ብዙ ገምተን ቢያንስ ግን ተማሪው በጨለማ ይቀራል፤ የክሊኒክ ማቀዝቀዣ ከሆነ ክትባት ይበላሻል። የተለመደው የእርሳስ ባትሪም ከግማሽ በታች ደጋግሞ ከወረደ ዕድሜው ያጥራል። ስለዚህ ከግምቱ ላይ ስህተቱን ቀንሰን በዝቅተኛው እናቅድ፤ ለሰዎችም ሁለቱን ቁጥር አብረን እንንገር። «ዛሬ ከ220 እስከ 260 ይሆናል» ማለት «240 ነው» ከማለት የበለጠ እውነት አለው።

ደብተሩን ከጀመርን በኋላ ደመና በበዛበት ቀን ጥናቱን ወደ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ማምጣት ለመድን። መብራቱም ለፈተና ደራሾች ብቻ እንዲቆይ አደረግን። እርግጥ ነው፣ ጠዋት ጥርት ብሎ ከሰዓት በኋላ ዶፍ በወረደባቸው ቀኖች ዛሬም እንሳሳታለን። እነዚያንም ቀኖች እንጽፋቸዋለን። አንድ ጊዜ ደብተሩን የሚይዘው ልጅ ከቤተሰቡ ጋር ወደ ሌላ ቦታ ሄደና መዝገቡ ለሦስት ሳምንት ተቋረጠ፤ ያ ክፍተት እስከ ዛሬ ባዶ ነው። ከዚያ ወዲህ ደብተሩን ሁለት ልጆች በጋራ ይይዛሉ። በስደት ማን መቼ እንደሚሄድ አይታወቅምና ይህን ለምትጀምሩ ሁሉ እመክራለሁ።

መልመጃ

1. በክፍል 3 ባለው ምሳሌ መሠረት ሦስቱ ደንቦች ለእሑድ ስንት ይተነብያሉ? እሑድ 370 ቢገኝ የያንዳንዳቸው ስህተት ስንት ነው?
2. ከጠዋቱ 3 ሰዓት ደመናው 5 ነው። የሚጠበቀው ኃይል ስንት ነው? ትልቁን ስህተት 20 ቀንሳችሁ እያንዳንዳቸው 10 ዋት የሆኑ 4 አምፖሎች ስንት ሰዓት እንደሚበሩ አስሉ።
3. ለ15 ቀን ደመናውን በስምንተኛ ጻፉ። ሶላር የሌላችሁ ጎረቤታችሁ መብራት ማታ ስንት ሰዓት እንደ ቆየ ጠይቃችሁ ጻፉ። በ10ሩ ቀን ደንብ አውጡ፤ በ5ቱ ፈትኑት።

መልስ

1. «እንደ ትናንቱ» 380፣ ስህተቱ 10፤ «እንደ ወቅቱ» 330፣ ስህተቱ 40፤ ድብልቁ 355፣ ስህተቱ 15።
2. 440 − 200 = 240፤ 240 − 20 = 220፤ 220 ለ40 ሲካፈል 5 ሰዓት ተኩል።
3. የዚህ መልስ በየደብተራችሁ ነው። ደንባችሁ ምን ያህል እንደ ተሳሳተ ለመጻፍ ግን አትፈሩ።